በሸራ ብቻ

ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘቢባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታው የአላህ ስለሆነ አልነፍግሽም። የቀረውን የደብዳቤ ወግ ግን ተዪው፤ ቤቱ እንዴት ነው፣ ጎረቤቱ እንዴት ነው እያልኩ ግማሽ ገጽ የምሞላበት ልብ የለኝም።

ጫላቸው መኪናውን ወደብ ላይ አቁሞ መጥቶ መልእክትሽን ነገረኝ። ስልኳን ለምን ዘጋችብኝ ብለሻል። የዘጋሁብሽ ስለተናደድኩ ነው። ስንደዋወል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አንዳችን የሌላችንን ሳንሰማ ነገሩ ያልቃል። በወረቀት ግን እስክጨርስ አታቋርጪኝም። አንቺም መልስ ካለሽ ጽፈሽ ለጫላቸው ስጪው፤ ከድሬዳዋ ጅቡቲ መመላለሱ እንደሆነ አይቀርም።

ከይረዲን ደህና ይበላል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ምን እንደሚበላ አላውቅም። የት እንዳለም አላውቅም። ወንድማችን ሰርቆኝ ሄዷል።

በነሐሴ ስትልኪው የወደብ ሥራ ተገኝቶለታል፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት ነበር ያልሽኝ። የጎረቤትሽን የእማማ ሻሼን ልጅ ጀንበሬን አስከትሎ መጣ። ከከተማው ዳር በልባላ፣ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር ከሌሎች የአገራችን ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጠጉ። የወደብ ሥራ የሚባል ነገር እንዳልነበረ በሳምንቱ ገባኝ። ቢሆንም ወንድሜ ነው ብዬ ጌታዬን ረምዚን ለመንኩለት።

ረምዚን ታውቂዋለሽ፣ ከዚህ በፊት ነግሬሻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ትልልቅ መርከቦችን እየመራ ወደብ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አብሬው የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ መሪውን እይዛለሁ። ይህን ስነግርሽ የሰው ቤት ሠራተኛ መርከበኛ ሆነች ብለሽ ስቀሽብኛል። ከይረዲንም ረዳት ይሁን ተባለና አብሮን መውጣት ጀመረ። ጎበዝ ነበር። ረምዚ ወደደው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ያ ደስታዬ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጀልባዋ ትንሽ ሞተር ነበረቻት። ዠቴ ከሚሉት፣ ወደ ባሕሩ ከሚዘልቀው የድንጋይ መሄጃ የምንነሳውም ወደሱ የምንጠጋውም በሞተር ነበር። ሸራው የሚዘረጋው ራቅ ካልን በኋላ ነው። ሞተሩ የሚያድረው ግቢያችን ዕቃ ቤት ውስጥ ሲሆን ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። አንድ ከሰዓት ከይረዲን ጋሪ ይዞ መጣና ረምዚ ሞተሩን ለሠራተኛ አሳየው ብሎኛል አለኝ። ከፈትኩለት። ከፍቼ ብቻ አልተውኩትም፤ ጋሪው እንዳይነካ የግቢውን በር በትከሻዬ ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ዋራበሌ ሄድኩ። የእሱና የጀንበሬ ፍራሽ ላይ ሌሎች ልጆች ተኝተዋል። ወደ ኦቦክ ሄደዋል አሉኝ። እዚህ አገር የእኛ ልጅ ኦቦክ ሄደ ከተባለ ወዴት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የመን ነው። ሞተሩን ለደላላው ሰጥተው ነው የሚሻገሩት።

የቤቱ እመቤት ፋኢዛ አልጮኸችም። የቁልፉን ዘለላ ከወገቤ ላይ ራሷ ፈትታ ወሰደች። አሁን ስኳር ለማውጣት እንኳ እሷን አስፈቅዳለሁ። ረምዚም ፖሊስ አልጠራም። «የሰረቀኝ ወንድምሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ስትልኪው ታውቂ ነበር?

ነጃት


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነጃት፣

ወአለይኩም ሰላም። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ይህን እጠይቃለሁ፤ ተናደድኩ ብዬ አስተዳደጌን አልጥልም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሞተር ጽፈሻል፣ ስለ ቁልፍ ጽፈሻል፣ ስለ ስኳርም ጽፈሻል። ወንድምሽ ባሕር ላይ ይሁን በረሃ ላይ ሳይታወቅ ሰው ስለ ስኳር ይጽፋል? ሰረቀኝ የሚለውን ቃል በቀለም ስትጽፊ እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ? እናታችን ስትሞት እሱ ጡት አልጣለም ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ገበያ የዋልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ለጥቂት ወር ብለሽ ሄደሽ፣ ይኸው ለአባታችንም ቀብር ሳትደርሺ ቀረሽ።

ታውቂ ነበር ወይ ላልሽው፣ ሙሉውን አላውቅም ነበር። ጠርጥሬያለሁ። እዚህ ሥራ የለም፤ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር መዋል ጀምሮ ነበር፣ አንድ ቀን በጥይት ተመትቶ ይዘውት ይመጣሉ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ጋ ከደረሰ ትይዥዋለሽ፣ ሐሳቡን ታስቀይሪዋለሽ ብዬ ላክሁት። እህቱ አይደለሽ? ከእጅሽ ያመለጠ ልጅ ከእኔ እጅ እንዳመለጠ አድርገሽ አትጻፊብኝ።

ደወለልሽ ወይ ብለሽ በጫላቸው ልከሻል። አልደወለም። መሐላ ደግሞ አትጠይቂኝ፣ መሐላ አልወድም።

ሻሼ ጠዋት ጠዋት በራፌ ላይ ናት። ከቤቷ ስትወጣ ገና የእግሯን ድምፅ አውቀዋለሁ። «ነጃት ስለ ጀንበሬ ምን አለች?» ትለኛለች። አንድ ልጇ ነው። ደህና ናቸው፣ አብረው ናቸው፣ ኔትወርክ ነው ያስቸገረው እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት? አንቺ የምነግራትን ነገር ፈልገሽ ላኪልኝ።

ስለ ሽማግሌው ግን አንድ ነገር ልበል። ሞተሩ ከሌለ ጀልባዋን ለምን አታሳርፏትም? ዓይኑ የደከመ ሰው ይዘሽ ባሕር ላይ የምትዞሪው ወንድሜ በደለኝ እያልሽ ልታሳዪን ነው?

እህትሽ ዘቢባ


ጅቡቲ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘቢባ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጤናዬን ጠይቀሻል፤ እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ረምዚ ነው።

ጀልባዋን አሳርፏት ላልሽው፣ እኔም እንደዚያው ብዬው ነበር። እሱ ግን «ሞተር ከመሠራቱ በፊት ሰው በምን ወደብ ይገባ ነበር?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በሸራ ብቻ መነሳትና መድረስ ያስተምረኝ ጀመር። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ያችን ጀልባ ካሳረፋት እሱም ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲያይ ሊውል ነው፤ ግድግዳው ደግሞ አይታየውም።

መነሳቱ አያስቸግርም። ገመዱን ፈትተሽ አፍንጫዋን ከድንጋዩ ትገፊያለሽ፣ ሸራውን በእጅሽ በነፋሱ ላይ ትደግፊዋለሽ፣ ቀስ ብላ ትዞርልሻለች። መድረስ ነው ጉዱ። ጀልባ እንደ መኪና ፍሬን የለውም። በዚህ ወራት ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሆነ ከባሕር ስንመለስ ከኋላችን እየገፋ ያመጣናል። ዳርቻው ጋ ስንቀርብ ጀልባዋን አዙሬ አፍንጫዋን ለነፋሱ መስጠትና የሸራውን ገመድ መልቀቅ አለብኝ። ያኔ ሸራው እንደ ተሰጣ ልብስ ይርገበገባል፣ ጀልባዋ ጉልበት ታጣለች፣ ድንጋዩ አጠገብ ስትደርስ ትቆማለች። ፈጥነሽ ከመጣሽ ወይም ልብሽ ከተጠራጠረ ግን ግድ አይልም፤ ገመዱን መልሰሽ ስበሽ ትወጫለሽና እንደገና ትመጫለሽ። ረምዚ በዚህ ላይ ትዕግሥቱ አያልቅም። ዞሮ መምጣት ውርደት አይደለም፣ ውርደቱ እየታወቀሽ መግባቱ ነው ይለኛል።

ደህና እየለመድኩት ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። መሪውን ይዤ በልቤ መልስ እየሰጠሁሽ ነበር፣ እትዬ። ለአባታችን ቀብር አልደረስሽም ላልሽው፣ ከእጅሽ አመለጠ ላልሽው። ረምዚ ዙሪ ሲለኝ ሰምቼዋለሁ። ግን ዘገየሁ። ሸራው ነፋስ እንደሞላ ድንጋዩ ላይ ደረስን። በጀልባና በድንጋይ መካከል እጅ አይገባም ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ጩኸቴን ሲሰማ እኔን ሊያድን መሰለኝ እጁን ዘረጋ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ አስረውለታል።

ፋኢዛ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። በኋላ ቀስ ብላ «መጀመሪያ ሞተሩን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ እጁን» አለችኝ። ወሰዳችሁ ነው ያለችው። ወሰደ አላለችም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ጫላቸው ከመምጣቱ በፊት ነው። አሁን መጥቷል። ሻይ አቀረብኩለት፣ ገና መጠጣት ሳይጀምር «እንኳን ለወንድምሽ ድምፅ አበቃችሁ» አለኝ። ፊቴን ሲያየው ደነገጠ፤ የማላውቅ አልመሰለውም ነበር። አንቺ ራስሽ ነሽ አሉ እያለቀስሽ የነገርሽው። ከይረዲን የደወለልሽ ደብዳቤሽን ከመጻፍሽ በፊት ነው።

መሐላ አልወድም አልሽኝ። መሐላ የማትወጂው እየዋሸሽኝ ስለነበር ነው። እኔ እዚህ ዋራበሌ ድረስ እየሄድኩ የመጣውን ልጅ ሁሉ ስጠይቅ፣ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ከኦቦክ የሚመጡትን ሾፌሮች ስለማመጥ፣ ማታ ማታ ሰምጦ ሬሳው ሲወጣ በሕልሜ ሳይ፣ አንቺ ድምፁን ሰምተሽ ተኝተሻል። ይህን አንድ ነገር እንኳ ለእኔ ነፈግሽኝ። ከእንግዲህ እህቴ ብለሽ አትጻፊልኝ። የት እንዳለ ብቻ ጻፊ።

ነጃት


ድሬዳዋ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጃት፣

አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ነገም ቢሆን እዋሻለሁ። ለነጃት እንዳትነግሪያት፣ ለፖሊስ ትሰጠኛለች ብሎ ለመነኝ። አንቺ ደግሞ ያኔ ብታገኚው አትሰጪውም ነበር? በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አስቢ እስቲ።

ያለው ከታጁራ ወደ ኦቦክ ሲኬድ ባለ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ሁመድ የሚባል አፋር ነው ያስጠጋው፤ ስልኩም የሱ ነው። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የመን አልደረሱም። ጀልባው ላይ ምን እንደሆነ አይነግረኝም። እግሩ ቆስሏል፣ አብጧል፣ መራመድ አይችልም። ድምፁ የሱ ድምፅ አይደለም።

ጀንበሬስ ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ሰውየው አንስቶ በማይገባኝ ቋንቋ አወራኝ።

እኔ ከዚህ በላይ ማሰብ አልፈልግም፣ ነጃት። ሻሼ ትላንት ሹራብ ገዝታ መጣች። ለጀንበሬ በጫላቸው ላኪልኝ፣ ባሕር ዳር ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ አለችኝ። ጅቡቲ ሹራብ ምን ይሠራል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

እንደፈለግሽ ተቆጪ። ስድቡን ሁሉ እቀበላለሁ። ሂጂና አምጪው።

ዘቢባ


ጅቡቲ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘቢባ፣

ሰላም ላንቺ። ከኅዳር ወዲህ «አግኝቼዋለሁ፣ ተረጋጊ» ከሚል ቃል በስተቀር ምንም አልላክሁልሽም። ጫላቸውንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። ሆን ብዬ ነው፤ ይቅርታ አልልሽም። ለምን እንደሆነ ስታነቢ ታውቂዋለሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ለሁመድ የደወለው ረምዚ ነው። በአፋርኛ ብዙ አወሩ። መንደሩ ድረስ መኪና አይገባም፣ ልጁም እስከ መንገዱ መራመድ አይችልም ተባለ። ረምዚ ከወደብ ዘመኑ ለሚያውቃቸው የባሕር ጠባቂዎች ደውሎ የቆሰለ ሰው እንደምናመጣ ነገራቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ እጁ በጀሶ እንደሆነ፣ «መሪውም ሸራውም ያንቺ ነው፤ እኔ እንደ ዕቃ እቀመጣለሁ» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ሞተርህን ለሰረቀ፣ እጅህን ላስሰበረ ሰው አልሄድም። «እጄን የሰበርሽው አንቺ ነሽ» አለኝና ሳቀ። ፋኢዛ ውኃና ቴምር ቋጥራ ዠቴው ድረስ መጣች። «ባሌን መልሺልኝ» ብቻ አለችኝ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። ነፋሱ ከጎን ነበር፤ ጀልባዋ አንድ ጎኗ ላይ ተኝታ ሄደች። እኔ መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። የት እንደምጀምር፣ የቱን ቃል መጨረሻ ላይ እንደማደርግ። የጀንበሬንም ሹራብ ይዤ ነበር፤ ሁለቱንም የማገኝ መስሎኛል።

የመንደሩ ዠቴ አጭር ናት። ነፋሱ ከሷ ወደኛ ስለሚነፍስ ገመዱን ወርውሬ ወዲያው የሚይዝልኝ ሰው ካላገኘሁ ገፍቶ ይመልሰናል። ጥሩ አድርጌ መጣሁ። ሸራውን ለቀቅኩት፣ ጀልባዋ ለስልሳ ቀረበች። ያኔ አየሁት። ሁመድ ደግፎት ዠቴው ጫፍ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ገመዱን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቷል።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር። አልወረወርኩትም። ሸራውን ስቤ፣ በፊት ለፊቱ አልፌው ወደ ባሕሩ ወጣሁ።

ረምዚ ዓይኑ ባያይም ጀልባዋን በመቀመጫው ያውቃታል። «ምን ሆነ፣ ነፋሱ ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

ዞሬ እስክመጣ ድረስ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልኝ። ከይረዲን እጁን እንደዘረጋ እዚያው ቆሟል። ሁለተኛው ላይ ወረወርኩለት፤ ያዘው። በደንብ ነው የያዘው፣ ረምዚ እንዳስተማረው።

ስንመለስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ከአፌ አልወጣ አለ። ነፋሱ በረታ፣ ውኃ ረጨን፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሹራቡን ወረወርኩለት። «እማማ ሻሼ ለጀንበሬ የላከችው ነው። እስክንደርስ ልበሰው፣ ስታገኘው ትሰጠዋለህ» አልኩት። በዚያ ሰዓት እንኳ አልገባኝም ነበር፣ እትዬ። ንዴቴ ዓይኔን ጋርዶት አንድ ሰው ብቻ ጀልባ ውስጥ እንደገባ አላየሁም።

ሹራቡን አልነካውም። እግሩ ስር ወደቀ፣ ውኃው አራሰው። ከዚያ ነገረኝ።

የደላላው ጀልባ ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ከሩቅ መብራት ሲያዩ የጥበቃ መርከብ መጣ ብለው ባለቤቶቹ ሰዉን በዱላ እየመቱ ዝለሉ አሉት። ዳርቻው ሩቅ ነበር። ጀንበሬ ዋና አይችልም። መጀመሪያውንም አልሄድም ብሎ ነበር፤ ከይረዲን ነው «እኔ ባሕር አውቃለሁ፣ እኔ ካለሁ ምን ትሆናለህ» ብሎ ያግባባው። ባሕር ያወቀው ከእኛ ጋር ዓርብ ዓርብ ወጥቶ ነው። የጀንበሬን ሸሚዝ ይዞ ሲዋኝ ቆየ። ጀንበሬ ፈርቶ አንገቱን አነቀው፣ ሁለቱም ወደ ታች ሄዱ። «ለቀቅኩት» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። እግሩን ድንጋይ ነው የቆረጠው። ሬሳ አልተገኘም።

ረምዚ የእኛን ቋንቋ አያውቅም፤ ቃሉን አልተረዳም፣ ነገሩን ግን ተረድቶታል። ያልተሰበረ እጁን ዘርግቶ ጉልበቱን ያዘው። እኔ አልያዝኩትም። መሪውን መያዝ ነበረብኝ። ነፃ እጅ ቢኖረኝም እንደምይዘው እርግጠኛ አይደለሁም።

ሳይመሽ የእኛው ዠቴ ደረስን። በአንድ ዙር አስገባኋት። ፋኢዛ ቆማ ነበር። ከይረዲንን አየችው፣ እግሩን አየችው፣ ቤት ስንገባ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። እዚያ ነው የተኛው። ሐኪም አሳየነው። በየቀኑ ቁስሉን የምታጥብለት እሷ ናት። አንድ ቃል አትናገረውም፣ አንድም ቀን ግን አልዘለለችም።

ለእማማ ሻሼ አንቺ ጻፊላት ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። ለእትዬ ንገሪያት፣ እሷ ሽማግሌ ሰብስባ መርዶውን ታስነግራት አለ። ለዚያም እምቢ አልኩት። ስልኬን ዘግቼ የቆየሁትም ወረቀት ያልላክሁትም ለዚህ ነው። አንቺ ብታውቂ ኖሮ እሱን ለማትረፍ ብለሽ ሌላ ታሪክ ትፈጥሪላት ነበር። አውቅሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ልብስ ሳጥብ ከይረዲን እያነከሰ መጣና «ጫላቸው መቼ ነው የሚነሳው?» አለኝ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እሱም ድሬዳዋ ገብቷል ማለት ነው። ደብዳቤውን ጫላቸው እንዲሰጥሽ ያደረግሁት ከይረዲን ወዳንቺ ቤት ስለማይመጣ ነው። መጀመሪያ ወደ እማማ ሻሼ በር ነው የሚሄደው። እንዳትቀድሚው። በር ላይ ጠብቀሽ አትቀፊው፣ ብላ አትበይው። ብትመታውም አትገላግዪ።

እኔ ይቅር አላልኩትም። አንቺንም ይቅር አላልኩሽም። ልብሱን ግን አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የላክሁት።

ነጃት


ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጃት፣

እንደምን ሰነበትሽ። ጌታሽ እጁ ተሻለው? እመቤትሽንም በእኔ ስም አመስግኚልኝ፤ የከይረዲንን ቁስል አይቻለሁ፣ በደንብ ነው የያዘችው። ይህን ካልኩ በኋላ ለአንቺ የሚሆን ደግ ቃል የለኝም።

ጫላቸው ወረቀቱን ሲሰጠኝ ከይረዲን መኪናው ውስጥ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ወርዶ መንገድ ተሻግሮ፣ በእኔ በር ፊት ለፊት አልፎ ሄደ። እንደጻፍሽው አልቀደምኩትም። አሁን ያስከፋኛል፣ ግን አልቀደምኩትም። አጥሩን ተደግፌ አየሁም፣ ሰማሁም።

ሻሼ ሽሮ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ነበር። ስታየው ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከኋላው በሩን በሩን ታይ ጀመር። ምን እንደምትፈልግ ገባው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት። አላሳመረውም፣ አላሳጠረውምም። እኔ ነኝ ና ያልኩት አላት።

«ይዘኸው ነበር?» አለችው።

«ይዤው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ለቀቅኩት።»

አልመታችውም። ለቅሶውም ወዲያው አልመጣም። የተሰጣውን ሽሮ መሰብሰብ ጀመረች፣ ከእጇ እያመለጠ መሬት ላይ ይፈሳል፣ እሱም ተንበርክኮ አብሯት ይሰበስባል። ከዚያ ነው የጮኸችው። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ ወጣ። እኔ በአጥሩ በኩል የገባሁት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ፊት ሆኜ ለመግባት ምን ፊት አለኝ? ደህና ናቸው፣ ኔትወርክ ነው እያልኩ የሸኘኋት እኔ ነበርኩ። አየችኝና ፊቷን አዞረች። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

ድንኳን ተጣለ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንዴት ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሰው የሚሸኘው ነገር ስለሌለ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። ከይረዲን ከድንኳኑ አልወጣም። እያነከሰ ወንበር ያመላልሳል፣ ለሰው ውኃ ያስታጥባል። የማያውቀው ለቀስተኛ የሟች ወንድም ነህ ወይ ሲለው ሰማሁ፣ እሱም ወንበሩን አንስቶ ሄደ። አንዳንድ የሟች ዘመዶች ይህ ልጅ ከዚህ ይውጣ ብለው ተነሱበት። ሻሼ ናት የመለሰቻቸው። «የልጄን የመጨረሻ የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነው» አለች።

ሰው ሲበተን ወደ ቤቱ ይመጣል ብዬ አልጋውን አነጠፍኩ። አልመጣም። ሻሼ እዚሁ እደር ብላው በጀንበሬ ክፍል አደረ። በነጋታውም አደረ። አሁን ውኃ የሚቀዳላት፣ እንጨት የሚፈልጥላት እሱ ነው። ምሽት ላይ ደጅ ቁጭ ብለው ትጠይቀዋለች፤ ጅቡቲ ምን ይበላ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ ስለ እናቱ ምን ይል ነበር ትለዋለች። እሱም ይመልስላታል። አንዳንዴ ሁለቱም ሲስቁ ይሰማኛል።

እኔ ጋ የሚመጣው ልብስ ሊወስድ ነው። እጄን ይስማል፣ ደህና ነሽ ይለኛል፣ ቁጭ በል ስለው እማማ ሻሼ ብቻዋን ናት ብሎ ይነሳል። ወጥ ሠርቼ በአጥሩ ላይ አቀብላለሁ፤ ሳህኑ ታጥቦ ይመለስልኛል።

ደስ ይበልሽ። ልኬ ያጣሁት አይበቃኝ ብሎ መልሰሽ ልከሽ አሳጣሽኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ አጥር ማዶ ነው ያለው፣ ሲያስል እሰማዋለሁ። ልጄን መልሺልኝ ማለት ያምረኛል። ዛሬ ጠዋትም ልላት ወጥቼ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ይህን ቃል በምን አፌ ነው ለሻሼ የምናገረው?

ዘቢባ